ማወቅ ሌላ፣ ማስረዳት ሌላ፦ ልጆቻችን መረጃን በንግግርና በሥዕል እንዲያቀርቡ እንዴት እናስተምር?

አትላስ ስሙን ከሆቴሉ የወሰደ ሰፈር ነው። ከሀያ ሁለት ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ሲኬድ የሚገኘው ይህ አካባቢ ሆቴልና የስብሰባ አዳራሽ የበዛበት ስለሆነ፣ በማንኛውም የሥራ ቀን አንድ ሰው ፕሮጀክተር አስበርቶ ለሌሎች የሆነ ነገር ሲያስረዳ ይውላል። ፕሮጀክት የሚያስገመግም አለ፤ ዕቃ የሚያስተዋውቅ አለ፤ የጥናት ውጤት የሚያቀርብ አለ። የዚሁ ሰፈር ልጆች ግን ቅዳሜና እሁድ መድረሳ መጥተው «የተማርከውን ለጓደኞችህ ለአምስት ደቂቃ አስረዳ» ሲባሉ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ይህ የሚሆነው ባለማወቃቸው አይደለም። ጁዝዕ ዐማን ከዳር እስከ ዳር የሐፈዘ፣ በትምህርት ቤቱም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጣ ልጅ ነው የሚንተባተበው። በትምህርት ቤት የሚፈተነው በአብዛኛው ከአራት ምርጫ አንዱን በማጥቆር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም አንዲት ዓረፍተ ነገር አያናግረውም። በመድረሳ ደግሞ የቀራውን ለኡስታዙ መልሶ ያሰማል። ሒፍዝ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ማንም በዚህ እንዲቀልድ አንፈልግም። ነገር ግን ሁለቱም ቦታዎች የሚለኩት የገባውን ነው። ልጁ ያወቀውን ለማያውቅ ሰው ማድረስ መቻሉን የሚጠይቀው የለም።

የአገራችን የቀደመ የኢስላም ትምህርት እንዲህ አልነበረም። በወሎ ሐሪማዎች አንድ ደረሳ የዐረብኛውን ኪታብ ይዞ ሲቀመጥ የሚጠበቅበት ማንበብ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን በሚሰማው ሰው ቋንቋ መፍታት አለበት። የቆየው ደረሳ ለአዲሱ ያስቀራል። መሻይኾቹ በዐጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ያዘጋጇቸው መንዙማዎችም ተውሒድንና ሲራን ፊደል ላልቆጠረው ገበሬ ያደረሱ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ነበሩ። እኛ ከተማ ስንገባ ኪታቡን ይዘን መጣን፤ ማስረዳቱን ግን ብዙም አላስከተልነውም።

ጉዳዩ የመድረክ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍን ነበር። ነገ ይህ ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ያቺ ልጅ ስለ ሒጃቧ ለርዕሰ መምህሩ ማስረዳት ሊኖርባት ይችላል። የሰፈሩ ጀመዓ የመስጂድ ቦታ ጥያቄ ይዞ ወረዳ ሲሄድ ከመካከሉ አንድ ተናጋሪ መምረጥ አለበት። ሐቅ በእጃችን እያለ ማስረዳት ስላቃተን ብቻ ባዶ እጃችንን የተመለስንባቸውን ጊዜያት እያንዳንዱ አንባቢ ከራሱ ሕይወት ሊያስታውስ ይችላል።

በነጃሺ ፊት የቆመው ወጣት

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በኢስላም ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚታወቁት ንግግሮች አንዱ የተደረገው በሐበሻ ምድር ነው።

ታሪኩን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ እስቲ በአስተማሪ ዓይን እንየው። ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች በነጃሺ ጥላ ሥር ተጠልለዋል። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ አስቀድመው በንጉሡ ዙሪያ ያሉትን ጳጳሳት በስጦታ አግባቡ። የጠየቁትም ስደተኞቹ ሳይሰሙ እንዲሰጧቸው ነበር። ነጃሺ ግን ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ። የዚያን ሁሉ ወንድና ሴት ዕጣ የሚወስነው እንግዲህ አንድ ንግግር ሆነ።

ስደተኞቹ መጀመሪያ ያደረጉት አንድ ተናጋሪ መምረጥ ነው፤ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ.)። ሁሉም ልናገር ቢል ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር የሰፈር ስብሰባ የተካፈለ ሁሉ ያውቀዋል።

የጀዕፈር ንግግር ሲዘረዘር ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የነበሩበትን ሁኔታ ተናገረ፦ ጣዖት ያመልኩ፣ በክት ይበሉ፣ ዝምድና ይቆርጡ፣ ብርቱው ደካማውን ይውጥ ነበር። ቀጥሎ የመጣላቸውን ነገር ገለጸ፦ ዘሩንም እውነተኛነቱንም የሚያውቁት ነቢይ አንዱን አምላክ እንዲገዙ፣ እውነት እንዲናገሩ፣ አደራ እንዲጠብቁ፣ ጎረቤት እንዲያከብሩ አዘዛቸው። በመጨረሻ ለምን እዚህ እንደቆሙ ተናገረ፦ ወገኖቻቸው አሳደዷቸው፤ እነሱም ይህን ንጉሥ ከሌሎች መርጠው፣ እሱ ዘንድ አንበደልም ብለው መጡ። የነበርንበት፣ የመጣልን፣ ከእርስዎ የምንፈልገው። ንጉሡ ስለ መካ የጎሳ ጣጣ ብዙ ማወቅ ሳያስፈልገው ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው።

ከዚያ ንጉሡ ነቢዩ ካመጣው ነገር አንድ የያዝከው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጀዕፈር ከሐፈዘው ሁሉ የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ቀራ። ይህ ምርጫ ብዙ ያስተምራል። ሰሚው ክርስቲያን ንጉሥ ነው፤ የዘከሪያን፣ የየሕያንና የመርየምን ታሪክ ያውቃል። ጀዕፈር ሰሚው በሚያውቀው በር ገባ። ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ።

በማግስቱ ዐምር ተመልሶ መጥቶ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከባድ ነገር ይናገራሉ አለ። ስደተኞቹ ተመካከሩ፤ የመጣው ይምጣ፣ አላህ ካለው ውጭ አንልም ብለው ተስማሙ። በፊታቸው የቆመው ወሳኝ ሰው እምነቱ ሌላ ነው፤ ማለሳለስ ይቻል ነበር፤ ግን አላደረጉትም። ንግግር ማሳመር መልእክቱን መለወጥ እንዳልሆነ ለተማሪዎች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። ጀዕፈርም ዒሳ የአላህ ባሪያ፣ መልእክተኛው፣ ወደ መርየም የጣላት ቃሉ መሆኑን ተናገረ። ያኔ ነጃሺ ከመሬት አንዲት ስንጥር አንስቶ አሳየ፤ ዒሳ አንተ ካልከው የዚችን ስንጥር ያህል እንኳ አያልፍም አለ።

ብዙ ጊዜ ስንጥሯን ዘለን ነው ታሪኩን የምንተርከው። አዳራሹ ውስጥ የሩቅ ሰው አለ፣ የተቆጡ ጳጳሳት አሉ፣ ሁለት ቋንቋ አለ። ንጉሡ ረጅም ማብራሪያ አልሰጠም፤ የልዩነቱን ልክ በእጁ ይዞ አሳየ። ሥዕላዊ መረጃ የምንለው ነገር ይኸው ነው፤ በቃል ብንለው የሚረዝመውን በዓይን ማሳጠር።

ይህን ሁሉ ያቆየችልን ደግሞ በወቅቱ ከስደተኞቹ መካከል የነበረችው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናት። የማንን ንግግር፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሆነ ለይታ ተርካዋለች። ሴት ተማሪዎች ጽሑፉን አዘጋጅተው ወንዶቹ ብቻ የሚያነቡበት ልማድ ባለበት መድረሳ ሁሉ ይህ ቢነገር ደስ ይለናል።

በአሸዋ ላይ የተሳለው

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው እየሳሉ አስተምረዋል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አራት ማዕዘን ሳሉ፤ ከመካከሉ ተነስቶ ወደ ውጭ የሚወጣ መስመር ሰመሩ፤ በመካከለኛው መስመር ጎን ትናንሽ መስመሮች አደረጉ። መካከል ያለው ሰው ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ዕድሜው፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ምኞቱ፤ ትናንሾቹ መስመሮች የሚደርሱበት ፈተናዎች፤ አንዱ ቢስተው ሌላው ያገኘዋል። ምኞታችን ከዕድሜያችን እንደሚረዝም በሺህ ዳዕዋ ተነግሮናል። ያን ሥዕል አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ የሳለ ልጅ ግን አይረሳውም። የየቲም አሳዳጊ በጀነት ከሳቸው ጋር ያለውን ቅርበት በሁለት ጣቶቻቸው፣ የሙእሚኖችን መደጋገፍ ጣቶቻቸውን በማቆላለፍ ማሳየታቸውም ይታወቃል። መሣሪያቸው አሸዋና እጅ ነበር። «ፕሮጀክተር ስለሌለን» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይወድቃል።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። በአትላስ አካባቢ ላሉ ልጆች የመጀመሪያው ልምምድ እንዲህ ነው፦ ዘመድ ከክፍለ ሀገር መጥቶ አትላስ ከታክሲ ወረደ እንበል፤ የስልኩ ባትሪ አልቋል፤ ቤትህ ድረስ የሚያደርሰውን መንገድ በአንድ ገጽ ሳልለት። አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ ስም ይዞ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው፤ የምንጠቋቆመው በሆቴል፣ በመስጂድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሕንፃ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የሚስሉት ሁሉንም ነው። ካፌው አለ፣ ፋርማሲው አለ፣ ዛፉ በአረንጓዴ ተቀብቷል፣ አባትየው መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚታጠፍበት ቦታ ግን የለም!

አስተማሪው ሊያርም አይገባውም። ወረቀቱን ቤቱን ለማያውቅ ሌላ ልጅ ይስጠውና በጣቱ እንዲከተለው ያድርግ፤ ሳዩ አፉን ዘግቶ ይመልከት። ጣቱ የሚቆምበት ቦታ ሥዕሉ የጎደለበት ነው። ጣቱ ያልነካው ሁሉ ደግሞ ሊወጣ የሚችል ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሳለ በኋላ የሚቀሩት ጥቂት ምልክቶችና መታጠፊያዎች ብቻ ይሆናሉ። ምልክት አድርገው የሳሉት ሱቅ በኮሪደር ልማቱ ተነስቶ የተገኘባቸው ልጆችም አሉ። ስለዚህ ከሥዕሉ ግርጌ ቀን መጻፍ ግዴታ ሆነ። መረጃ እንደሚያረጅ በዚህ መንገድ ተማሩት።

ቀጥሎ ዘካት ይመጣል። ለአንድ ነጋዴ በአንድ ወረቀት የገንዘብ ዘካትን አስረዱ ሲባሉ ልጆቹ መቶ ሳጥን መሥራት ይቀናቸዋል፤ ሁለት ነጥብ አምስት ከመቶ ስለተባሉ። ሁለት ሳጥን ተቀብቶ ሦስተኛው ላይ ግማሽ ይሆንና ሥዕሉ ይበላሻል። አርባ ሳጥን ቢሠሩስ? ስምንት በአምስት፤ አንዷ ብቻ ትቀባለች። አራት መቶ ሺህ ብር ያለው ሰው እያንዳንዱ ሳጥን አሥር ሺህ እንደሆነ ያያል፤ የምትወጣው አንዷ እንደሆነች፣ ሠላሳ ዘጠኙ እሱ ዘንድ እንደሚቀሩም ያያል። መቶኛ የማይገባው ሰው እንኳ ይህን አይስትም።

እዚህ ላይ ልጆቹ ኒሷቡንም፣ የጨረቃ ዓመቱንም፣ የወርቁንም፣ የሰብሉንም እዚያው ወረቀት ላይ መጨመር ይፈልጋሉ። ትግሉ ያለው እዚህ ነው። ሥዕሉ አንድ ነገር ይበል፤ ከአርባው አንዱ። ገንዘቡ ብዙ ዑለማዎች በ85 ግራም ወርቅ የሚገምቱት ኒሷብ ላይ መድረስ እንዳለበት፣ የሒጅራ ዓመት እንደሚዞርበትና ይህ ዓመት ከተለመደው በ11 ቀን ገደማ እንደሚያጥር ልጁ በአፉ ይንገር። የሰብል ዘካት በዝናብ ከሆነ ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ከሆነ ከሃያ አንድ ስለሆነ ሌላ ወረቀት ይፈልጋል። ዓይን የሚይዘውንና ጆሮ የሚይዘውን መለየት የዚህ ትምህርት ግማሹ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ልየታ ሲጠፋ ሰው ሊሞት ይችላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባት ጠፈርተኞች ሞቱ። ስትነሳ የተፈነቀለ የአረፋ ቁራጭ ክንፏን መትቷት ነበር። መሐንዲሶቹ ገና በረራ ላይ እያለች አደጋውን ለኃላፊዎች በፓወርፖይንት አቅርበዋል። የአንዱ ስላይድ ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር። የመታት ቁራጭ በሙከራ ከታየው ከ600 እጥፍ በላይ እንደሚበልጥ የሚናገረው መስመር ግን ከታች፣ በትንሽ ፊደል፣ በብዙ ነጥቦች መካከል ተሸሽጎ ቀረ። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በሪፖርቱ ይህን ስላይድ ለይቶ ተችቶታል። የከበደው ነገር ከላይ ይጻፍ ስንል ለውበት አይደለም።

ንግግሩን በተመለከተ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲናገሩ ቃላቸውን መቁጠር ለፈለገ ይቻለው እንደነበር ተናግራለች። ልጆቻችን ግን ሲፈሩ ይፈጥናሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከክፍሉ ኋላ የተቀመጠ ልጅ በጣቱ እየቆጠረ ዋና ዋና ነጥቦቹን ይያዝ፤ መቁጠር ካቃተው እጁን ያንሳ። ወረቀት ማንበብ አይፈቀድም፤ የጎን ማስታወሻ ይበቃል። ያልተፈታ የዐረብኛ ቃልም፣ ያልተፈታ የእንግሊዝኛ ቃልም እኩል ነጥብ ያስቀንሳል። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገራቸው ሰሚው ይዞት የሚሄደውን ነገር መናገር አለበት። «እንግዲህ ዛሬ ስለ ዘካት በአጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ» እያሉ አንዱን ደቂቃ መብላት ቀርቷል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የሰውየው ኹጥባ ማጠር የፊቅሁ ምልክት ተደርጎ ተቆጥሯል። የጁሙዓ ኹጥባ ሲረዝም ሰዓቱን የሚያየው ሕዝብ ስንት እንደሆነ የማያውቀው ሚንበር ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ይህን በአክብሮት ነው የምንለው።

ስንት ነጥብ ይበዛል? ለትላልቆቹ ተማሪዎች ከቅርብ ታሪካችን እንሰጣቸዋለን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ባደረጉት ታላቅ ሰልፍ ለመንግሥት የቀረቡት ጥያቄዎች 13 ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው እንቅስቃሴ ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ። ሁለቱም ታላላቅ ናቸው፤ 13ቱም ጥያቄዎች ተገቢ ነበሩ። ነገር ግን አሥራ ሦስት ነጥብ ጽሑፍ ነው፤ ሦስት ነጥብ በሕፃንም በሽማግሌም አፍ ይያዛል። ተማሪዎቹ ቤታቸው ሄደው ወላጆቻቸውን ከሁለቱ የትኞቹን እንደሚያስታውሱ እንዲጠይቁ ይታዘዛሉ። መልሱን ለመገመት አይከብድም።

ለሚያፍር፣ ምላሱ ለሚተሳሰርበት ልጅ ሙሳን (ዐ.ሰ.) እንነግረዋለን። ፊርዐውን ዘንድ ሲላኩ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ዱዓ አድርገዋል፤ በንግግር የሚበልጣቸውን ወንድማቸውን ሃሩንንም ረዳት እንዲሆናቸው ጠይቀዋል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆኖ ማቅረብ ይፈቀዳል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሥዕሉን ይዞ ያመለክታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ይቅርታ የለም፤ በሥዕል መዋሸት ላይ። በ1999 የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ድርሻ 43.5 በመቶ፣ የሙስሊሞች 33.9 በመቶ ተብሎ ወጥቷል። በውጤቱ ላይ ክርክር ያላቸው ወገኖች እንዳሉ ይታወቃል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህንን በባር ግራፍ ሳሉ ብለን ቋሚው መስመር ከዜሮ ሳይሆን ከ30 ቢጀምር ምን እንደሚሆን እናሳያለን። አንደኛው ባር ከሌላው ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ረዝሞ ይታያል፤ ከዜሮ ሲጀምር ግን ልዩነቱ ከሩብ ትንሽ ይበልጣል። ቁጥሮቹ አንድም አልተነኩም፤ ዓይን ግን ተታሏል። ልጆቹ በዚህ ይናደዳሉ፤ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን እኛን የሚያስደስተንን ውጤት የሚያጋንን ግራፍ እንዲሁ እንሠራና ያው ንዴት ይኖራቸው እንደሆነ እናያለን። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ይስቃሉ። ምስክርነት በወዳጅም በጠላትም ላይ እኩል መሆን እንዳለበት የቀሩት አያ በካርቶን ላይ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ውጤት የሚሰጠውም አስተማሪው ብቻ መሆን የለበትም። ልጁ አቅርቦ ሲጨርስ ከሰሚዎቹ ሦስቱ ምን እንደሰሙ በአንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ሦስቱ ወረቀት አንድ ዓይነት ከሆነ አቅርቧል፤ ሦስት የተለያየ ነገር ከጻፉ፣ አንደበቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ እንደገና ይሠራዋል። ለዕቃው ከሱቆች የሚጣል ካርቶንና ሁለት ማርከር ይበቃል።

ይህን በመድረሳው ለመጀመር የሚፈልግ ኡስታዝ ካለ ከዘካተል ፊጥር ቢነሳ ጥሩ ነው፤ በረመዳን መጨረሻ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀው ነውና። በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ነው፤ ዑለማዎች እንደ እህሉ ዓይነት ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ይገምቱታል፤ ከዒድ ሶላት በፊት መውጣት አለበት። ልጆቹ የየቤታቸውን ሰው ቆጥረው በዚያው ልክ ሳህን ይሳሉ፤ ትናንት የተወለደችውም እህታቸው ሳህን አላት። በቤት ውስጥ ስድስት ሰው ያለበት ልጅ ስድስት ሳህን ይዞ ይሄድና ለአባቱ በሁለት ደቂቃ ያስረዳ። አባትየው የሚጠይቁትን ጥያቄ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጽፎ ይዞ ይምጣ፤ የሚቀጥለው ትምህርት ከዚያ ይነሳል ኢንሻአላህ።